ቲ-ስኮር ነጌቲቭ 1.9 በ51 ዓመቴ፦ ጾሜንም አጥንቴንም እንዴት ልያዝ?

የማርቆሷ መምህርት (ደብረ ማርቆስ)፣ ጥር 18

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 51 ነው፤ በደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ የወር አበባዬ ከተቋረጠ 4 ዓመት ሆኖታል። በታኅሣሥ ልጄን ልጠይቅ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ፣ እርሷ የአያቷን ነገር እያነሣች ዕረፍት ስለነሣችኝ፣ ዴክሳ በሚባለው መሣሪያ የአጥንቴን ጥግግት ተለካሁ። ቲ-ስኮር የሚሉት ውጤት በወገብ አከርካሪ ነጌቲቭ 1.9፣ በጭን አጥንት አንገት ደግሞ ነጌቲቭ 1.6 ሆነ።

የአያቷ ነገር የምለው የእናቴን ነው። እናቴ በ71 ዓመቷ፣ በነሐሴ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ከደጃችን ጭቃ ላይ ተንሸራትታ በጎኗ ወደቀች። አወዳደቋ ሕፃን እንኳ የሚያስለቅስ አልነበረም፤ ነገር ግን ዳሌዋ ተሰበረና ከአልጋ ሳትነሣ በ8ኛው ወር ዐረፈች። ቁጥሩን በሰማሁ ጊዜ ያ የደጃችን ጭቃ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለብኝ።

ውጤቱን የነገረኝ ባለሙያ ቀና ብሎ ሳያየኝ «አጥንትሽ ተበልቷል» አለኝና፣ ከዚያው ክፍል አጠገብ ካለው መስኮት 3 ዓይነት ብልቃጥ ገዝቼ እንድሄድ አዘዘኝ። ገዛሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ የዓባይን በረሃ እስክንሻገር ድረስ፣ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር አከርካሪዬ እንደ ሸክላ የሚሰነጠቅ እየመሰለኝ፣ ሁለት እጆቼን በመቀመጫው ግራና ቀኝ ተክዬ ራሴን ከወንበሩ ከፍ አድርጌ ነበር የተጓዝኩት። ደጀን ስንደርስ ክንዶቼ ይንቀጠቀጡ ነበር።

አሁን የምጠይቀው ይህንን ነው። ይህ ቁጥር በሽታ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ? አንዱ ዘመዴ «በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጠውን ኪኒን ዛሬውኑ ጀምሪ» ሲለኝ፣ ሌላዋ «በዚህ ዕድሜ የማይሳሳ አጥንት የለም፤ ተይው» ትለኛለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። ረቡዕና ዓርቡንም ሆነ የታወጁትን አጽዋማት ሁሉ እጾማለሁ፤ ወተት በማይቀመስበት 55 ቀን አጥንቴን በምን ልመግበው? ክብደቴ 49 ኪሎ ነው፤ አላጨስም፤ አጥንቴ ተሰብሮ አያውቅም።

ነርስ ዘቡሬ (ቡሬ)፣ ጥር 18

እኅቴ፣ በመጀመሪያ አጥንትዎን የበላው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ አነጋገር ከባለሙያ አፍ መውጣቱ ያሳዝነኛል።

ቲ-ስኮር ማለት የእርስዎ የአጥንት ጥግግት ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ በስንት መደበኛ ልይይት እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው ልኬት መሠረት ነጌቲቭ 1 እና ከዚያ በላይ ያለው ጤናማ፣ በነጌቲቭ 1 እና በነጌቲቭ 2.5 መካከል ያለው ኦስቲዮፔኒያ (መጠነኛ የአጥንት መሳሳት)፣ ነጌቲቭ 2.5 እና ከዚያ በታች ያለው ኦስቲዮፖሮሲስ (የአጥንት መሳሳት በሽታ) ይባላል። እንግዲህ እርስዎ ያሉት በመካከለኛው ክፍል ነው። ኦስቲዮፔኒያ የደረጃ ስም እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ነገር ግን «ተይው» የሚያሰኝም አይደለም፤ ምክንያቱም በዚህ መካከለኛ ክፍል የሚገኙ ሰዎች በቁጥር እጅግ ብዙ በመሆናቸው፣ ከሚሰበሩት አጥንቶች ብዙዎቹ የእነዚሁ ሰዎች ናቸው።

አጥንት እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ነው፤ ምርጊቱ አንድ ጊዜ ተለስኖ ዝንተ ዓለም አይቆምም። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፤ አዲሱን የሚለስኑም አሉ፤ እስከ 30 ዓመት ገደማ ለሳኙ ያይላል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ይቀራረባሉ። አፍራሹን ልጓም ይዞ የሚያቆየው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ ሴት ስታርጥ ልጓሙ ይላላል፤ ካረጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 7 ዓመታት አጥንት ከሁሉ ይበልጥ ፈጥኖ የሚሳሳባቸው ናቸው። እርስዎ በዚሁ መካከል ነዎት፤ ለዚህ ነው ጊዜው አሁን ነው የምልዎ።

የእናትዎ ስብራት ግን ስሌቱን ይለውጠዋል። በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፍራክስ የተባለ ማስሊያ አለ፤ ከ40 እስከ 90 ዓመት ለሆነ ሰው በሚቀጥሉት 10 ዓመታት አጥንት የመሰበሩን ዕድል ያሰላል። ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ዕድሜ፣ ክብደትና ቁመት፣ ቀድሞ የደረሰ ስብራት፣ የወላጅ ዳሌ መሰበር፣ ሲጋራ፣ ብዙ መጠጥ፣ የስቴሮይድ መድኃኒትና የጭን አጥንት አንገት ጥግግት ይገኙበታል። እርስዎ የእናት ዳሌ ስብራትና አነስተኛ ክብደት አለብዎት። ስለዚህ ኪኒኑ ይጀመር ወይስ አይጀመር የሚለውን ዘመድዎም እኔም ሳንሆን፣ ይህንን ማስሊያ ከፊቱ አድርጎ የሚያይዎ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይወስን። ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ያረጡ ስለሆኑ፣ የሚከለክል ሕመም ከሌለብዎ፣ ስለ ሆርሞን ሕክምናም ሊያነሣልዎ ይችላል።

ከመሄድዎ በፊት ሌላ ምክንያት እንዳይኖር የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ የኩላሊት ሥራ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን፣ ሙሉ የደም ቆጠራ። እንቅርት በአገራችን ብዙ ስለሆነ ብቻ ነገሬ የማንለው ነገር ነው እንጂ፣ ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ አጥንትን ያሳሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአጥንት መሳሳት እስኪሰበር ድረስ አያምም። ጉልበቴን ቆረጠመኝ፣ መገጣጠሚያዬን ያዘኝ የሚል ሰው ሁሉ አጥንቱ ሳስቷል ማለት አይደለም፤ ያ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሕመም ነው። በአንጻሩ በተራ ራጅ «ደህና ነው» የተባለ ሰውም አይዘናጋ፤ ራጅ መሳሳቱን የሚያሳየው ከአጥንቱ ሲሶ ያህሉ ከሄደ በኋላ ነው።

የሞጣው (ሞጣ)፣ ጥር 19

የነርሷ የመጨረሻ ቃል የእኔን እናት ታሪክ አስታወሰኝ። እናቴ አንድ ቀን የሊጥ ቡሃቃ ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች ጀርባዋን «ቀጭ» አደረጋት። ሁላችንም ወለምታ መስሎን ስመ ጥር ወደሆነ ወጌሻ ወሰድናት፤ እርሱም በቅቤ አሽቶ፣ ጉልበቱን ከጀርባዋ ላይ አድርጎ ትከሻዋን ወደ ኋላ ሳበው። ከዚያ ቀን በኋላ ነበር ቀጥ ብላ መሄድ ያቃታት። በኋላ ፎቶ ስትነሣ 2 የአከርካሪ አጥንቶች ተጨፍልቀው ተገኙ። የትኛው በሊጡ ቡሃቃ፣ የትኛው በወጌሻው ጉልበት እንደተጨፈለቀ እግዚአብሔር ይወቅ።

ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ የእኔን የተናጋ ትከሻ መልሶልኛል። ነገር ግን ያረጠች ሴት ጀርባዋን በድንገት ካመማት፣ ከማሸት በፊት ፎቶ ትነሣ እላለሁ።

የዳጉሳ ልጅ (ዳንግላ)፣ ጥር 19

መምህርት፣ እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ኪኒኑ ባለሙያዎቹ ይናገሩ፣ «በምን ልመግበው» የሚለውን ጥያቄ ግን ለእኔ ይተዉልኝ።

እኛ ጎጃሞች በጎተራችን ያለውን አናውቀውም። በእኛ በአዊና በምዕራብ ጎጃም ዳጉሳ የድኻ እህል፣ የጠላና የአረቄ እህል ተብሎ ከጤፍ በታች ይቀመጣል። በካልሲየም ግን በዓለም ካሉት የብርዕ እህሎች የሚወዳደረው የለም፤ በ100 ግራም ከ300 ሚሊግራም በላይ ይይዛል። ጤፍም ቢሆን በ100 ግራም ከ150 እስከ 180 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ስንዴና በቆሎ ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸሩ እዚህ ግባ አይባሉም። በቀን 200 ግራም ያህል ዱቄት በእንጀራ መልክ የሚበሉ ከሆነና ግማሹን ዳጉሳ ቢያደርጉት፣ ወደ 500 ሚሊግራም የሚጠጋ ካልሲየም ከእንጀራው ብቻ አገኙ ማለት ነው። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን የሚመከረው ከምግብም ከኪኒንም ተደምሮ 1,200 ሚሊግራም ነው።

እርግጥ ነው፣ በእህል ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ደም አይገባም፤ ፋይቴት የሚባለው ነገር ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን እርሾ ውለታ ይሠራል፤ ሊጡ 2 እና 3 ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ቶሎ ይድረስ» ተብሎ በአንድ ሌሊት የሚጋገር እንጀራና በደንብ የቦካ እንጀራ እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው የሐበሻ ጎመን ነው። አንድ መካከለኛ ሳህን የተቀቀለ ጎመን ወደ 200 ሚሊግራም ሊሰጥዎ ይችላል፤ ደግሞም ከጎመን የሚገኘው ካልሲየም እንደ ወተቱ፣ እንዲያውም ከወተቱ በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ቆስጣ ግን ጎመንን ቢመስልም ካልሲየምን የሚያስር ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛበት የያዘውን ካልሲየም አይለቅም። በሆቴል «የጾም በያይነቱ» ሲባል ከጎመኑ ይልቅ ቆስጣው ሲከመር ሳይ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

በፍስኩ ቀን ደግሞ ስለ አይብ አንድ ነገር ልበል። ወተትና እርጎ በአንድ ብርጭቆ ወደ 300 ሚሊግራም አላቸው። አይብ ግን ጎምዝዞ ተሞቆ የሚረጋ ስለሆነ ካልሲየሙ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወርዳል፤ እኛም አጓቱን ለጥጃ ወይም ለውሻ እንደፋዋለን። ቅቤ ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። አጓቱን በትንሽ ጤና አዳም የምትጠጣ አክስት ነበረችኝ፤ እንስቅባት ነበር።

አጥንት በካልሲየም ብቻ አይቆምም፤ ግማሽ ያህል ይዘቱ ፕሮቲን ነው፤ በጾም ጊዜ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ግብጦ እንዳይጎድሉ። ግብጦው ግን ምሬቱ እስኪወጣ ድረስ ተቆልቶ፣ ቀናት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው እየተቀየረ መሆን አለበት፤ ያለዚያ መራራው ነገር መርዝ ነው።

ጡረተኛው አሥር አለቃ (ፍኖተ ሰላም)፣ ጥር 19

ዳጉሳ እንዲህ ከሆነ፣ የዳጉሳ ጠላ በቀን 4 ጣሳ የምጠጣ ሰው አጥንቴ ብረት ሆኗል ማለት ነው?

ቀልዱን ልተወውና፣ ይህ ነገር የሴት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ 58 ዓመቴ ነው። ለአስም ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለ2 ዓመት ያህል በየቀኑ ስወስድ ኖሬአለሁ፤ አንድም ሰው ስለ አጥንት አልነገረኝም። በመጨረሻ በሳል ብቻ የጎን አጥንቴ ተሰበረ።

የዳጉሳ ልጅ (ዳንግላ)፣ ጥር 20

ጋሼ፣ ማሩኝ፤ ጠላው አይቆጠርም። ከዳጉሳው አብዛኛው ካልሲየም በአተላው ውስጥ ይቀራል ብዬ አስባለሁ፤ ብዙ አልኮል ደግሞ አጥንትን ከማሳሳቱም በላይ ሰውን ይጥላል።

መድኃኒት ቤት (ደንበጫ)፣ ጥር 20

የአሥር አለቃ ነገር ቀላል አይደለም። ፕሬድኒሶሎን በቀን 5 ሚሊግራምም ሆነ ከዚያ በላይ ከ3 ወር ላላነሰ ጊዜ የሚወስድ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አጥንቱ ሊታይለት ይገባል፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አይቋረጥም። በሳል የጎን አጥንት የተሰበረበት ሰው ሕክምና የሚያስፈልገው ነውና እባክዎ ይታዩ።

አሁን ወደ መምህርቷ 3 ብልቃጦች ልመለስ። ምን ምን እንደሆኑ ባይነግሩንም፣ በመስኮቴ ከማየው ብነሣ አንዱ ካልሲየም፣ አንዱ ብዙ ቫይታሚኖችን የያዘ፣ አንዱ ግሉኮሳሚን ይሆናል። ግሉኮሳሚን ለመገጣጠሚያ ተብሎ የሚሸጥ ነው፤ የአጥንት ጥግግት አይጨምርም። ካልሲየሙ ላይ «ካልሲየም ካርቦኔት 1250 ሚሊግራም» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ 1,250 ሚሊግራም ካልሲየም አገኘሁ ብለው እንዳያስቡ። ለኬሚስትሪ መምህርት ይህንን ማስረዳት ድፍረት ነው፤ የካልሲየም ካርቦኔት ሞለኪውል ክብደት 100፣ የካልሲየሙ 40 ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ካልሲየም 500 ብቻ ነው። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ ሲሰጡት አብዛኛውን አይወስደውም፤ ካርቦኔቱ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ከብረት ኪኒንና ከእንቅርት መድኃኒት ጋር አይወሰድም፣ ሰዓታት ያራርቋቸው። ከምግብዎ የሚያገኙትን ቆጥረው የጎደለውን ብቻ ይሙሉ፤ ከልክ በላይ መውሰድ ሆድ ያደርቃል፣ የኩላሊት ጠጠርም ያመጣል።

ጨጓራ የሚያማቸው ሰዎች ደግሞ ኦሜፕራዞልን እንደ ከረሜላ ለዓመታት ሲውጡ አያለሁ። በዚያ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የቆዩ ሰዎች አጥንት የመሰበር ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ የካልሲየም ካርቦኔቱንም መሟሟት ያጓትታል። አስፈላጊ ከሆነ ይወሰድ፤ ከልማድ የተነሣ ግን አይሁን።

ሐኪሙ አሌንድሮኔት የተባለውን የሳምንት ኪኒን፣ 70 ሚሊግራሙን፣ ካዘዘልዎ አወሳሰዱ ከመድኃኒቱ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። በሻይ፣ በቡና፣ በወተት አይሆንም፤ አምቦ ውሃም አይሆንም፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት መድኃኒቱን ይይዙታል። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ምንም ሳይበሉ፣ ሌላ ኪኒን ሳይወስዱና ሳይጋደሙ ቁጭ ማለት ወይም መቆም ግዴታ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ኪኒኑን በሻይ ውጣ ተመልሳ ተኛች፤ ጉሮሮዋ ቆስሎ ለሳምንት ምራቅ መዋጥ አቅቷት ነበር፤ «መድኃኒቱ መርዝ ነው» ብላ ተወችው። ኩላሊታቸው ብዙ ለተዳከመና የመዋጫ ቧንቧ ችግር ላለባቸው አይሰጥም፤ ቫይታሚን ዲም አስቀድሞ ይስተካከላል። በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድም አለ። በየ6 ወሩ በመርፌ የሚሰጠውን ዴኖሱማብ የሚጀምር ሰው ግን በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ፤ ሲቋረጥ አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳና አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። አቅርቦቱ አስተማማኝ ባልሆነበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያሬድ ሰፈር (ቢቸና)፣ ጥር 20

ከላይ ስለ ኪኒኑ ሰዓት የተባለውን ሳነብ ለጾመኛ የሚከብድ መስሎ ታየኝ፤ ነገር ግን መፍትሔው በሥርዓቱ ውስጥ አለ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከል አይቀርም፤ እስከ ሰዓት መቆየቱ ግን ከቀዳም ሥዑር በቀር የለም። ስለዚህ የሳምንት ኪኒን ቢታዘዝልዎ የቅዳሜን ጠዋት ለእርሱ ቢያደርጉት እሑድ ለቁርባንም አይሰናከሉም። የተቀረውን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው የሚፈቀደውን እርሳቸው ያውቃሉ፤ በራስዎ ኅሊና ብቻ አይጨነቁ።

ለምእመናን በዓመት ወደ 180 የሚጠጋ የጾም ቀን ቢኖርም፣ የተቀረው የፍስክ ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በእኛ ቤት ወተት በፍስኩም ቀን የሚጠጣው ሕፃን ብቻ ነው፤ ጾሙን ከመክሰሳችን በፊት በፍስኩ ስንት ብርጭቆ እንደጠጣን ብንቆጥር መልካም ይመስለኛል።

ስለ ስግደት ግን ጥያቄ አለኝ። እናቴ በሰሙነ ሕማማት ትሰግዳለች፤ አጥንቷ ሳስቷል ተብላለች። ትተው ወይስ ትቀጥል?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፣ ጥር 21

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የወንድሜ ጥያቄ ግሩም ነው፤ በዚህ ጉዳይ የተጻፈ መመሪያ ሳይሆን የአጥንትን ጠባይ ተከትዬ እመልሳለሁ።

የሳሳ አከርካሪ የሚፈራው ወደ ፊት መጉበጥን ነው፤ በተለይ ሸክም ተጨምሮበት ሲጎበጥ የአጥንቱ የፊት ጠርዝ ይጨፈለቃል። የሞጣው ወንድማችን የነገረን የቡሃቃ ታሪክ ይኸው ነው። ስለዚህ የእናትዎ አከርካሪ ከዚህ በፊት ተሰብሮ ከሆነ ወድቆ መነሣቱ ይቅርባትና፣ ንስሐ አባቷ ፈቅደው ቆማ እጅ ትንሣ። ስብራት ከሌለና ጥግግቱ እንደ መምህርቷ ከሆነ ግን፣ ወገብን እንደ ቀስት ሳያጎብጡ፣ አስቀድሞ አንዱን ጉልበት ከዚያም ሌላውን በማንበርከክ፣ በእጅ ተደግፎ ቀስ ብሎ መስገድና በጭን ጉልበት መነሣት ለጡንቻም ጠቃሚ ነው። ተቻኩሎ መቁጠር ግን አይሆንም።

መምህርት፣ አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበት ነው። በእግር መሄድ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከእርሱ ጋር ጡንቻ የሚጎትት ሥራ ያስፈልጋል። ከወንበር ላይ እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆምና ተረከዝን መመለስ፤ በሁለት እጅ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞሉ ትናንሽ ጀሪካኖችን ቀጥ ብሎ ይዞ መመላለስና ክብደቱን በየሳምንቱ በጥቂቱ መጨመር፤ ይህንን በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን። በጀርባ የሚታዘለው 20 ሊትር ጀሪካን ግን ከዚህ አይቆጠርም፤ አጉብጦ ነው የሚያስኬደው፤ ይተዉት። በአንድ እግር መቆምን ጥርስዎን ሲፍቁ ይለማመዱ፤ ሚዛን እንደ ቋንቋ ነው፣ ካልተጠቀሙበት ይጠፋል።

እናትዎን የገደላት አጥንቷ ብቻ አይደለም፣ መውደቋም ነው። የሌሊት መጸዳጃ ቤት መንገድ ባትሪ ይኑረው፤ የታችኛው ጥርሱ ያለቀ ኮንጎ ጫማ በክረምት ከበረዶ አይለይም፣ ይጣል፤ ዓይንዎን ያስመርምሩ። እናም ቁመትዎን ይለኩ። ከወጣትነት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ማጠር ሕመም የሌለው የአከርካሪ ስብራት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስሜ ይቆይ (ደጀን)፣ ጥር 21

ያሳፍር ይሆናል፤ ነገር ግን እዚህ ካልጠየቅሁ የት እጠይቃለሁ። በየ3 ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ለ9 ዓመት ተወግቻለሁ፤ አሁን 44 ዓመቴ ነው። እርሱ አጥንት ያሳሳል ሲሉ ሰማሁ። ደግሞስ ይህን ሁሉ ፀሐይ እያለን ቫይታሚን ዲ እንዴት ይጎድለናል?

ነርስ ዘቡሬ (ቡሬ)፣ ጥር 22

ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ እኅቴ። መርፌው በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥግግትን ይቀንሳል፤ ሲቆም ግን በአብዛኛው ይመለሳል። ጥያቄው የእርስዎን ዕድሜ በመሰለ ዕድሜ ይከብዳል፤ ከመርፌው በቀጥታ ወደ ማረጥ ከተገባ መልሶ ለመገንባት ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ መርፌውን በራስዎ ሳይተዉ፣ የሚወጉበት ጤና ጣቢያ ሄደው ሉፕን የመሰለ ሌላ ዘዴ ይጠይቁ።

የፀሐዩ ነገር እንዲህ ነው። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር ፀሐይ ከፍ ስትል ነው የሚበረታው፤ በግምት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት። ምልክቱ ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ነው። እኛ ግን የጠዋቷን ለስላሳ ፀሐይ እንወዳለን፤ ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ እንሄዳለን፤ ጥቁር ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በነጠላና በረጅም ቀሚስ ተሸፍነን እንወጣለን። በመስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ያሞቃል እንጂ አይሠራልንም። ክንድንና ባትን ገልጦ፣ ቆዳ ሳይቃጠል፣ በሳምንት ጥቂት ቀን መውጣት ይረዳል። ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ 800 ነው፤ በደም ምርመራ የጎደለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይቀበል።

የማርቆሷ መምህርት (ደብረ ማርቆስ)፣ መጋቢት 9

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዘግይቼ የመለስኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ብልቃጦቹን አውጥቼ አነበብኩ፤ መድኃኒት ቤቱ እንዳለው አንዱ ግሉኮሳሚን ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው «ካልሲየም ካርቦኔት 1250» ይላል። ይህችን የ40 በመቶ ስሌት ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ ስጽፋት ኖሬ፣ በራሴ ብልቃጥ ላይ ሳላሰላት መቅረቴ ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም አየኝ። ፍራክሱን ከፊቴ ሠራው፤ የእናቴን ስብራት ሲያስገባ ቁጥሩ ከፍ ሲል በዓይኔ አየሁት፤ ያም ሆኖ ኪኒኑን አሁን አልጀመረልኝም። ደሜን ልኳል፤ ምግቡንና እንቅስቃሴውን እንድቀጥልና ከ2 ዓመት በኋላ በዚያው በመጀመሪያው መሣሪያ እንድለካ ነገረኝ፤ መሣሪያ ከተለዋወጠ ቁጥሮቹ በትክክል አይነጻጸሩም አለ። በመካከሉ አንድ አጥንት በቀላል አወዳደቅ ከተሰበረ ግን ሳይለካም ይጀምርልኛል።

የዳጉሳው እንጀራ የመጀመሪያው ቀን ጠቆረና ደረቀ፤ ባለቤቴ «ምጣዱን ነው ያቀረብሽልኝ?» አለኝ። ዳጉሳውን ከግማሽ ወደ ሲሶ ዝቅ አድርጌ ሊጡን 3 ቀን ሳስቦካው ዓይኑም ጣዕሙም መለሰ። ጎመን በየቀኑ አለ። ጀሪካኖቹን በግቢው ውስጥ ይዤ ስመላለስ ጎረቤቶቼ ውሃ የጠፋ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ወጡ።

ቁመቴን አንዲት ተማሪዬ ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር አቁማ ለካችኝ። መምህራን ኮሌጅ ስገባ 1.62 ነበርኩ፤ አሁን 1.605 ነኝ። ጣና ዳር ካሉት 4 ሴንቲ ሜትር ሩቅ ስለሆነ ትንፋሼን መለስኩ።

የቫይታሚን ዲው ውጤት የፊታችን ሐሙስ ይደርሳል ተብያለሁ፤ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ትናንት ከሥራ ሲመለስ ምንም ሳይናገር 2 ጋሪ ጠጠር አስመጥቶ፣ እናቴ የወደቀችበት ቦታ ላይ ከደጃችን እስከ አስፋልቱ ድረስ አስደፋው።